ከለንደን ቶኪዮ ስንት ሰዓት ነው? ድረ ገጹ 11 ይላል፣ አየር መንገዱ 14፣ ትኬቱ ደግሞ 23

መንገድ ጀማሪ

ሰላም ለሁላችሁ። ግራ የገባኝ ነገር ስላለ ነው የመጣሁት። እናቴን ይዤ ከለንደን ቶኪዮ ልሄድ ነው። ርቀት የሚያሰላ ድረ ገጽ ላይ የሁለቱን ከተሞች ስም ሳስገባ 9,560 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ በአውሮፕላን 11 ሰዓት አይሞላም አለኝ። እሰየው አልኩ። ከዚያ ቀጥታ በረራ ስፈልግ ደግሞ 14 ሰዓት የሚል መጣልኝ። ሦስቱ ሰዓት ከየት መጣ? ድረ ገጹ ዝም ብሎ ነው እንዴ የሚቀባጥረው?

ይባስ ብሎ ትኬቱ ላይ መነሻ 19:00፣ መድረሻ በማግስቱ 18:00 ይላል። ስቀንሰው 23 ሰዓት ይመጣል። መመለሻው ደግሞ 10:00 ተነስቶ በዚያው ቀን 15:30 ይደርሳል። አምስት ሰዓት ተኩል! ስሄድ 23 ስመለስ 5 ተኩል፣ ይሄ በየትኛው ሒሳብ ነው?

ለወሬ ያህል አይደለም የምጠይቀው። እናቴ በየ12 ሰዓቱ የምትወስደው መድኃኒት አላት። ጠዋት 8:00 እና ማታ 20:00 ላይ ነው የምትውጠው፣ በለንደን ሰዓት። ሐኪሟ ሰዓቱን አታዛቡ ብሎናል። ስለዚህ አየር ላይ ስንት ሰዓት እንደምንቆይ በደንብ ማወቅ አለብኝ። በኢስታንቡል በኩል የሚያልፍ ረከስ ያለ ትኬትም አለ፣ ግን መንገዱን የሚያስረዝምብን መስሎኝ ፈራሁ። የምታውቁ ንገሩኝ፣ ግን በቁጥር ይሁን፣ "ይለያያል" ብቻ ብላችሁ አትለፉኝ።

ቁጥር አይዋሽም

ሰላም እህቴ። ከቀላሉ ልጀምር፣ የ23ቱንና የ5 ተኩሉን ጉዳይ።

ትኬት ላይ የሚጻፈው ሰዓት ሁልጊዜ የየከተማው ሰዓት ነው። መነሻው በለንደን ሰዓት፣ መድረሻው በቶኪዮ ሰዓት። ስለዚህ ሁለቱን ቀጥታ መቀናነስ አይቻልም። ቶኪዮ በአውሮፓ ክረምት ከለንደን 9 ሰዓት ትቀድማለች። 19:00 ተነስተሽ በማግስቱ 18:00 ስትደርሺ የግድግዳው ሰዓት 23 ሰዓት ሄዷል፣ ከዚያ ላይ 9 ቀንሺ፣ 14። ስትመለሺ ደግሞ ተቃራኒው ነው፣ 5 ተኩል ላይ 9 ትደምሪያለሽ፣ 14 ሰዓት ተኩል። አየሽ? መሄጃውም መመለሻውም ተቀራራቢ ነው።

አንድ የምታስተውይው ነገር አለ። እንግሊዝ ሰዓቷን በመጋቢት (ማርች) የመጨረሻ እሁድ አንድ ሰዓት ወደፊት ታደርጋለች፣ በጥቅምት (ኦክቶበር) የመጨረሻ እሁድ ትመልሳለች። ጃፓን እንዲህ ያለ ነገር የላትም። ስለዚህ በአውሮፓ በጋ ወራት ልዩነቱ 9 ሳይሆን 8 ይሆናል። መሄጃሽ ከለውጡ በፊት፣ መመለሻሽ ከለውጡ በኋላ ከሆነ አንዱን በ9 ሌላውን በ8 ማስላት አለብሽ። ብዙ ሰው እዚህ ጋ ነው የሚሸወደው።

እንዲህ ያለ ሒሳብ ካሰለቸሽ ደግሞ ትኬቱን ስትገዢ "ጠቅላላ ጊዜ" የሚል መስመር አለ። እሱ የሰዓት ልዩነቱን አውጥቶ የሚነግርሽ ነው። እሱን እመኚ።

ካርታ ወዳድ

የ11ና የ14ቱን ልዩነት ደግሞ ለእኔ ተዉልኝ፣ የምወደው ርዕስ ስለሆነ ትንሽ ባረዝመው ታገሱኝ።

ድረ ገጹ አልዋሸሽም። የተጠየቀውን ነው የመለሰው። አንቺ የከተማ ስም አስገባሽ፣ እሱ በመሬት ሉል ላይ በሁለቱ ነጥቦች መካከል ያለውን አጭሩን መስመር ለካልሽ፣ ከዚያ በሰዓት 900 ኪሎ ሜትር አካባቢ አካፈለው። አለቀ። ነፋስ አያውቅም፣ ጦርነት አያውቅም፣ አውሮፕላን ማረፊያ ውስጥ ወረፋ እንዳለ አያውቅም።

መጀመሪያ ስለ አጭሩ መስመር። ጠፍጣፋ ካርታ ላይ ለንደንና ቶኪዮን በማስመሪያ ብታገናኚ መስመሩ በካስፒያን ባሕር አካባቢ አድርጎ፣ መካከለኛው እስያንና ቻይናን ሰንጥቆ ይሄዳል። ቀጥ ያለ ይመስላል። ግን ያ መስመር 11,300 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። አሁን ሉል አምጪና ክር ወጥረሽ ሁለቱን ከተሞች አገናኚ። ክሩ ወደ ሰሜን ይሸሻል። በስካንዲኔቪያ አልፎ፣ የሳይቤሪያን ሰሜናዊ ጫፍ ታክኮ፣ እስከ 71 ዲግሪ ሰሜን ድረስ ይወጣና ተመልሶ ወደ ቶኪዮ ይወርዳል። ለንደን 51 ዲግሪ ተኩል ላይ ናት፣ ቶኪዮ 36 እንኳን አትሞላም፣ መንገዱ ግን ከአርክቲክ ክበብ በላይ ያልፋል። ያ ጠማማ የሚመስለው መንገድ ነው 9,560ው። ከማስመሪያው 1,700 ኪሎ ሜትር ይቀንሳል፣ ይሄ ሁለት ሰዓት ገደማ ማለት ነው።

ታዲያ አጭሩ መንገድ ከታወቀ ለምን በእሱ አይሄዱም? ምክንያቱም አብዛኛው የሩሲያ ሰማይ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2022 የዩክሬን ጦርነት ሲጀመር እንግሊዝና የአውሮፓ ኅብረት አገሮች ለሩሲያ አውሮፕላኖች ሰማያቸውን ዘጉ፣ ሩሲያም መልሳ ዘጋችባቸው። የጃፓን አየር መንገዶችም በዚያ ማለፍ ተዉ። ከዚያ በፊት ለንደን–ቶኪዮ 12 ሰዓት ያህል ነበር። አሁን 14 ወይም ከዚያ በላይ ሆነ። ሦስቱ ሰዓትሽ በአብዛኛው እዚህ ነው ያለው።

ከሁሉም የተጎዳችው ግን ሄልሲንኪ ናት። ከሄልሲንኪ ቶኪዮ በአጭሩ መስመር 7,800 ኪሎ ሜትር ብቻ ነው፣ 9 ሰዓት ተኩል ገደማ ይፈጅ ነበር። የፊንላንዱ አየር መንገድ ፊንኤር "ከአውሮፓ ወደ እስያ አጭሩ መንገድ በእኛ በኩል ነው" እያለ ንግዱን የገነባው በዚህ ላይ ነበር። ሰማዩ ሲዘጋ በረራው ወደ 13 ሰዓት ተጠጋ። አንዳንዴ በደቡብ ይዞራሉ፣ አንዳንዴ ቀጥ ብለው በሰሜን ዋልታ ላይ ያልፋሉ። ከተሞቹ ንቅንቅ አላሉም፣ ኪሎ ሜትሩም ያው ነው፣ ሰዓቱ ግን አንድ ሦስተኛ ጨመረ።

ይሄ ነገር አዲስም አይደለም እኮ። በቀዝቃዛው ጦርነት ዘመንም የሶቪየት ሰማይ ለአብዛኞቹ የምዕራብ አየር መንገዶች ዝግ ነበር። ከአውሮፓ ቶኪዮ የሚሄድ ሰው አላስካ፣ አንኮሬጅ ላይ አርፎ ነዳጅ ሞልቶ ነበር የሚቀጥለው። የስካንዲኔቪያው አየር መንገድ ኤስኤኤስ በ1957 ከኮፐንሃገን ቶኪዮ በዋልታው በኩል መብረር ሲጀምር በአንኮሬጅ ነበር የሚያልፈው። የዘንድሮ መንገደኛ ቢያንስ ሳይወርድ ይደርሳል።

ነገር አዋቂ ነኝ

ሁላችሁም የረሳችሁት አንድ ነገር አለ። መሬት ወደ ምሥራቅ ትዞራለች። አውሮፕላኑ ወደ ምዕራብ ሲበር ከተማዋ ራሷ ወደ እሱ ትመጣለች፣ ወደ ምሥራቅ ሲበር ግን ትሸሸዋለች። ስለዚህ ወደ ምሥራቅ ረጅም፣ ወደ ምዕራብ አጭር መሆን አለበት። ትምህርት ቤት ያልተማራችሁት ነው።

ክንፍና ነዳጅ

@ነገር አዋቂ ነኝ፣ ወንድሜ ስምህ ከሐሳብህ ጋር አልተስማማም፣ አትቀየመኝ እንጂ 😀

አውሮፕላን ከመሬት ሲነሳ ከመሬት ጋር እየዞረ ነው የሚነሳው። አየሩም አብሮ ይዞራል። በሚሄድ አውቶቡስ ውስጥ ቆመህ ብትዘል እዚያው ቦታህ ላይ ነው የምታርፈው፣ የኋላው መስኮት መጥቶ አይመታህም። መሬትም እንደዚያው ናት። ያልከው እውነት ቢሆን ከምድር ወገብ ላይ ሄሊኮፕተር አስነስተህ አየር ላይ ብታቆመው መሬት በሰዓት 1,670 ኪሎ ሜትር ከሥሩ ትሮጥ ነበር። ነዳጅ ሳንጨርስ ዓለምን እንዞር ነበር ማለት ነው። ማን ነው እንደዚህ ያደረገ?

እንደውም የሚሆነው አንተ ካልከው ተቃራኒው ነው። ብዙውን ጊዜ ወደ ምሥራቅ መብረር ነው የሚያጥረው። ምክንያቱ ጄት ስትሪም የሚባለው ነፋስ ነው። ከ9 እስከ 12 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ፣ ማለትም ልክ አውሮፕላኖች በሚበሩበት ቦታ፣ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚነፍስ ጠባብና ኃይለኛ ነፋስ አለ። በሰዓት 150፣ 200 ኪሎ ሜትር መሄድ ለእሱ ተራ ነገር ነው፣ በክረምት ከ300 የሚያልፍበት ቀን አለ። የሚፈጠረው በዋልታው ቀዝቃዛ አየርና በምድር ወገብ ሞቃት አየር መካከል ባለው ልዩነት ነው፣ ወደ ምሥራቅ የሚያጣምመው ደግሞ የመሬት መዞር ነው። ስለዚህ መሬት በነገሩ ውስጥ እጇ አለበት፣ ግን አንተ ባልከው መንገድ አይደለም።

የጃፓን ሰማይ በክረምት ይሄ ነፋስ ከሚበረታባቸው የዓለም ቦታዎች አንዱ ነው። እንደውም መጀመሪያ ያስተዋለው ጃፓናዊ ነው። ዋሳቡሮ ኦይሺ የሚባል የአየር ጠባይ ተመራማሪ በ1920ዎቹ ፊኛ እየለቀቀ ሲከታተል ነፋሱን ለካው። ግን ጽሑፉን ያሳተመው በኤስፔራንቶ ነበር! ዓለም ሁሉ ይረዳኛል ብሎ። ማንም ዞር ብሎ አላየውም። ሌላው ዓለም ነፋሱን በደንብ ያወቀው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የአሜሪካ ቦምብ ጣይ አውሮፕላኖች ጃፓን ላይ በከፍታ ሲበሩ ሲያንገላታቸው ነው።

አሁን ሒሳቡን ተመልከቱ። 9,000 ኪሎ ሜትር መንገድ እንበል፣ አውሮፕላኑ 900 ይሄዳል። ነፋስ ከሌለ መሄጃው 10፣ መመለሻው 10፣ ድምሩ 20 ሰዓት። አሁን በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ነፋስ ጨምሩ። ከጀርባ ሲገፋህ ፍጥነትህ 1,000 ይሆናል፣ 9 ሰዓት። ፊት ለፊት ሲመጣብህ 800 ይሆናል፣ 11 ሰዓት ከሩብ። ድምሩ 20 ሰዓት ከሩብ። አያችሁ? ነፋሱ ሲሄድ የሰጠህን ሲመለስ ከነወለዱ ይወስድብሃል። በኪሳራው ውስጥ ብዙ ጊዜ ስለምትቆይ ነው።

ነገር አዋቂ ነኝ

እሺ፣ ነፋሱን ተቀብያለሁ። ግን ከላይ መመለሻዋ 14 ሰዓት ተኩል ነው፣ መሄጃዋ 14 ነው ተብሏል። ነፋሱ ይሄን ያህል ካገላበጠ ለምን ግማሽ ሰዓት ብቻ ተለያዩ? ሁለት ሦስት ሰዓት መሆን ነበረበት። መልሱልኝ።

ክንፍና ነዳጅ

ይሄ ግን ጥሩ ጥያቄ ነው፣ እሰይ።

ከለንደን ሲሄዱ በደቡብ በኩል ነው። በቱርክና በካስፒያን አካባቢ አድርገው፣ በካዛኪስታንና በቻይና አልፈው ጃፓን ይደርሳሉ። ወደ ምሥራቅ ስለሆነ ነፋሱ ከጀርባ ነው። ሲመለሱ በዚያው መንገድ ቢመጡ ነፋሱ ፊት ለፊት ይጋፈጣቸዋል። ስለዚህ አንዳንድ የጃፓን በረራዎች ምን አደረጉ መሰላችሁ? ከቶኪዮ ተነስተው ወደ ምዕራብ መሄዱን ትተው ወደ ምሥራቅ ይበራሉ! ሰላማዊ ውቅያኖስን በሰሜን በኩል አቋርጠው፣ በአላስካ፣ በሰሜን ካናዳ፣ በግሪንላንድና በአይስላንድ አድርገው ለንደን ይገባሉ። መንገዱ በኪሎ ሜትር ይረዝማል፣ በአላስካ በኩል ካሰላችሁት 12,700 ያልፋል፣ ከአጭሩ መስመር ከ3,000 በላይ ጭማሪ ማለት ነው። ግን ነፋሱን ፊት ለፊት ከመጋፈጥ ያድናቸዋል።

እንዲህ ባለው በረራ ደርሶ መልስ የሄደ ሰው ሁለቱንም ጊዜ ወደ ምሥራቅ በረረ ማለት ነው። መሬትን ዞሮ ነው ቤቱ የገባው። በመመለሻው ላይ የቀን መለወጫውን መስመር ስለሚያልፍ ቀኑ ራሱ ወደኋላ ይመለስለታል። 10:00 ተነስቶ በዚያው ቀን 15:30 መድረስ ምንም ተአምር የለውም።

ሁሉም በረራ በዚህ መንገድ ይሄዳል አላልኩም። መንገዱ የሚመረጠው በየቀኑ ነው፣ የዕለቱ ነፋስ ታይቶ። አንድ ቀን በሰሜን፣ ሌላ ቀን በደቡብ ሊሆን ይችላል። የበረራ መከታተያ ድረ ገጾች ላይ ገብታችሁ የአንዱን በረራ ያለፉ ቀናት መስመር ብታዩ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ሲለያይ ታያላችሁ። በዚያ ላይ የቻይና አየር መንገዶች አሁንም በሩሲያ ሰማይ ላይ ያልፋሉ። ስለዚህ ከአውሮፓ ወደ ቻይና በሚሄዱ መስመሮች ላይ በአንድ ዓይነት አውሮፕላን አንዱ ኩባንያ ከሌላው ሰዓታት ቀድሞ ይደርሳል። ርቀት የሚያሰላው ድረ ገጽ ይሄን ከየት ያምጣው?

መንገድ ጀማሪ

ኧረ እግዜር ይስጥልኝ፣ አሁን ገባኝ። እኔ ካርታ ላይ የሚታየኝ መስመር ጠማማ ሲሆን አብራሪዎቹ የሚዞሩት ለነዳጅ ማደያ ነገር ይመስለኝ ነበር 😅

ግን ዋናው ጥያቄዬ አልተመለሰም። 14 ሰዓት ሲሉ አየር ላይ ነው ወይስ መቀመጫ ላይ? ኢስታንቡልስ?

ሻንጣ ተሸካሚ

እኔ ልመልስ፣ ሥራዬ ከመንገደኛ ጋር ስለሆነ ይሄ ጥያቄ በየቀኑ ይመጣብኛል።

14 ሰዓት የሚሉት ከበር እስከ በር ነው። የቤትሽ በር አይደለም፣ አውሮፕላኑ ከቆመበት በር ተገፍቶ ከወጣበት ደቂቃ ጀምሮ መድረሻው በር ላይ እስከሚቆምበት። በዚህ ውስጥ መሬት ላይ የሚንከባለልበትና ለመነሳት ወረፋ የሚጠብቅበት ጊዜ አለ። ሂትሮው የመሰለ የተጨናነቀ ኤርፖርት ላይ ከበር ተነስቶ አየር ላይ እስኪወጣ 20 ደቂቃ ቢፈጅ ማንም አይደነቅም። አየር መንገዶችም ሰዓቱን ትንሽ ሰፋ አድርገው ነው የሚጽፉት፣ ቢዘገዩ እንኳን በሰዓቱ ደረሱ እንዲባልላቸው። ስለዚህ አብራሪው "የበረራ ጊዜያችን 13 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ነው" ካለ አትደናገጪ፣ እሱ የሚነግርሽ የአየር ላዩን ነው።

መቀመጫ ላይ ግን ከ14 በላይ ነው የምትቆዩት። መሳፈር የሚጀመረው ከመነሻው ከአርባ ደቂቃ እስከ አንድ ሰዓት ቀደም ብሎ ነው። እርዳታ የሚያስፈልጋቸው ሰዎች ደግሞ ቀድመው ነው የሚገቡት። እናትሽ ተቀምጠው የሚቆዩበትን 15 ሰዓት አድርገሽ ያዢው።

ወደ ኢስታንቡል። ክንፍና ነዳጅ እንዳለው ቀጥታ በረራዎቹ ራሳቸው አሁን በደቡብ ነው የሚዞሩት። ስለዚህ ኢስታንቡል ያን ያህል ከመንገድ የወጣች አይደለችም። ከለንደን ኢስታንቡል 2,500 ኪሎ ሜትር፣ ከኢስታንቡል ቶኪዮ 8,900 ምናምን፣ ድምሩ 11,400 ገደማ። አየር ላይ 4 ሰዓትና 11 ሰዓት ያህል፣ በድምሩ 15። ከቀጥታው የሚበልጠው አንድ ሰዓት ነው! የሚያስረዝመው መሃል ላይ ያለው ቆይታ ነው። ሦስት ሰዓት ከጠበቃችሁ 18 ይሆናል።

የእኔ ምክር? ለጎረምሳ ቢሆን ርካሹን ያዝ እለው ነበር። ከእናት ጋር ግን ነገሩ ሁለት መልክ አለው። በአንድ በኩል መሃል ላይ ወርዶ መራመድ ለእግር ጥሩ ነው፣ ረጅም ሰዓት ሳይንቀሳቀሱ መቀመጥ እግር ላይ ደም እንዲረጋ ያደርጋል፣ በተለይ በዕድሜ ለገፉ ሰዎች። በሌላ በኩል ሁለት ጊዜ ፍተሻ፣ ሁለት ጊዜ ወረፋ፣ ትልቅ ኤርፖርት ውስጥ ረጅም የእግር መንገድ። ካላመማቸው በስተቀር እኔ ቀጥታውን እመርጣለሁ፣ በየአንድ ሁለት ሰዓቱ በመተላለፊያው ላይ ወዲያ ወዲህ ይበሉ፣ መቀመጫቸውም በመተላለፊያው በኩል ይሁን። በኢስታንቡል ከሄዳችሁ ደግሞ ሁለቱ በረራዎች በአንድ ትኬት መሆናቸውን አረጋግጪ። ለየብቻ የተገዛ ከሆነ የመጀመሪያው ዘግይቶ ሁለተኛው ቢያመልጣችሁ ማንም አይጠየቅላችሁም። ተሽከርካሪ ወንበር ከፈለግሽ ከበረራው ቢያንስ 48 ሰዓት በፊት አሳውቂ፣ ያኔውኑ ኤርፖርት ላይ ብትጠይቂ ላይደርስልሽ ይችላል።

ቁጥር አይዋሽም

የመድኃኒቱን ነገር እኔ ልጨርሰው፣ ቁጥር ስለሆነ።

ለመድኃኒቱ የበረራው ርዝመት እንኳን አያስፈልግሽም። የሚያስፈልግሽ አንድ የማይነካ ሰዓት ነው። የእጅ ሰዓት አድርጊና በለንደን ሰዓት ላይ ተዪው። ስልክሽ ሲያርፍ ራሱን ስለሚቀይር በእሱ ደወል አትተማመኚ። 20:00 ሲል ትሰጫለሽ፣ 8:00 ሲል ትሰጫለሽ። አለቀ።

በትኬትሽ ላይ እናስላው። 19:00 ትነሳላችሁ። የማታው 20:00 ከተነሳችሁ አንድ ሰዓት በኋላ ነው። ምናልባት አውሮፕላኑ ሁለት ሰዓት ቢዘገይ ደግሞ ኤርፖርት ተቀምጣችሁ ትውጣለች፣ ለውጥ የለውም። የጠዋቱ 8:00 ከተነሳችሁ 13 ሰዓት በኋላ ነው፣ ማለትም ልታርፉ አንድ ሰዓት ሲቀራችሁ፣ ቶኪዮ ላይ 17:00። ያኔ መብራት በርቶ ሰው ሁሉ ስለሚነቃ ይመቻል። ስትመለሱ ከቶኪዮ 10:00 ማለት ለንደን ሌሊት 1:00 ነው። የጠዋቱ መድኃኒት ከተነሳችሁ 7 ሰዓት በኋላ፣ መሃል መንገድ ላይ ይውላል። እሷ ተኝታ ሊሆን ይችላል፣ ቀስቅሻት።

ቶኪዮ ስትቆዩ ግን የለንደን 20:00 እና 8:00 ማለት በቶኪዮ 5:00 እና 17:00 ነው፣ በበጋ ከሆነ 4:00 እና 16:00። በየቀኑ ንጋት ላይ መነሳት ካስቸገራት ሰዓቱን ቀስ በቀስ ማሸጋገር የሚቻል መድኃኒት አለ፣ ፈጽሞ የማይቻልም አለ። እሱን ሐኪሟ ነው የሚወስነው፣ እዚህ የምንጽፈው ሰዎች ልንወስነው አንችልም።

ሻንጣ ተሸካሚ

መድኃኒት ካላችሁ አንድ ልጨምር፣ ሰው የሚረሳው እሱን ነው። መድኃኒቱ በእጅ ሻንጣ ይሁን፣ በዋናው ማሸጊያው፣ ከሐኪም ወረቀቱ ጋር። ጃፓን በመድኃኒት ጉዳይ ጠንካራ ናት። በሐኪም የታዘዘ መድኃኒት በአብዛኛው እስከ አንድ ወር የሚበቃ ይዞ መግባት ይፈቀዳል፣ ከዚያ በላይ ከሆነ "ዩንዩ ካኩኒን ሾ" የሚባል ፈቃድ አስቀድሞ መውጣት አለበት። አምፌታሚን ያለበት ነገር በሐኪም ቢታዘዝም አይገባም። ተራ የሚመስለን አንዳንድ የጉንፋን ኪኒንም ችግር ያመጣል፣ ከ10 በመቶ በላይ ሱዶኤፌድሪን ያለበት ክልክል ነው።

መንገድ ጀማሪ

ኡ! የጉንፋኑን ኪኒን እኔ ራሴ ነበር የምይዘው። ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፣ ቀጥታውን ልይዝ ነው። ዝርዝሩን ጽፌ ነገ ለሐኪሟ አሳያለሁ፣ ከዚያ የጃፓን ኤምባሲ ጋ ደውዬ አረጋግጣለሁ። ማታ 20:00ዋን ግን ከመሳፈራችን በፊት ብትውጣት አንድ ሰዓት ብቻ ነው የሚቀድመው፣ ይቻላል?

ቁጥር አይዋሽም

ይሄንንም ዝርዝሩ ላይ ጨምሪና ሐኪሟን ጠይቂው።